ካውያው ስንት ይበላል

እትዬ ደብሪቱ ካውያውን ከሶኬቱ ነቀሉት። "መብራቱን የምታጠፊብን አንቺ ነሽ! ወይ ይህን ብረት ተዪ፣ ወይ ቤቴን ልቀቂ።" አዲስ ከተማ ባለው ግቢያቸው አከራይና ተከራይ የሚጠቀሙት በአንድ ቆጣሪ ነው፤ ብሬከሩ በወደቀ ቁጥር ጥፋተኛዋ ልብስ ሰፊዋ ሐዳሳ ናት። ካውያ የሌለው ሰፊ ደግሞ ሥራ የለውም።

ሐዳሳ አልለመነችም። የግቢውን መብራት ሁሉ አስጠፍታ፣ ከኤሌክትሪክ ሠራተኛ የተዋሰችውን የአምፔር መለኪያ ከቆጣሪው በሚወጣው ሽቦ ላይ አደረገችና ካውያውን መልሳ ሰካችው። "አምስት አምፔር። ሁለት መቶ ሃያው ቮልት ለአምስት ሲካፈል አርባ አራት ኦም፣ በአምስት ሲባዛ አንድ ሺህ አንድ መቶ ዋት" ብላ በጠመኔ ግድግዳው ላይ ጻፈች። ግድግዳው የእትዬ ነው። ካውያውን ነቅላ፣ "አሁን የሻወር ማሞቂያዎን ያብሩት" አለች። አሥራ ስምንት አምፔር፤ ወደ አራት ሺህ ዋት። "ሁለቱ ሲደመሩ ሃያ ሦስት። ብሬከሩ የሚችለው ሃያ ነው። ማን ይሆን ያበዛው፣ እትዬ?"

"ቁጥር ቤት አያከራይም!" ብለው ገቡ።

ሐዳሳ ካውያውን ሰክታ የሚዜ ቀሚስ መተኮስ ጀመረች። ጥቂት ቆይቶ ከወዲያኛው መስኮት ድምፅ መጣ፤ "አንቺ ልጅ፣ ልታጠብ ነበር፤ ጨረስሽ?"

"ገና ነኝ፣ እትዬ" አለች ቀሚሱ ላይ ውሃ እየረጨች። "ሁለት እጅጌ ይቀረኛል።"

የቀራት አንድ ነበር።