የጋሽ ምራቂ ዕቃ ቤት

ባለሱቁን ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ምራቂ ይለው ነበር። ዱቄት መዝኖ ሚዛኑ ከተስተካከለ በኋላ ከላይ አንድ እፍኝ ሳይመርቅ ለማንም ሸጦ አያውቅም። ሚስቱ ስትቆጣው፣ «እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» ይላታል።

የዱቄት ዋጋ ሰማይ ሲነካ ቅጽል ስሙ መሳለቂያ ሆነ።

«ጋሽ ምራቂ፣ የዛሬው ምራቂ ለማን ነው?» ትለዋለች ጎረቤቱ ልብስ ሰፊዋ፣ ክር በጥርሷ እየበጠሰች። ድሮ ለቀልድ ነበር። አሁን አፏ ሲስቅ ዓይኗ አይስቅም።

ዱቄት የሚያመጣው የጭነት መኪና ከቀረ ሰንብቷል። በምትኩ ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና ጠዋት ጠዋት ትመጣለች።

«በቂ ዱቄት ገብቷል! ዋጋውን ያናሩት ደብቀው የያዙት ስግብግብ ነጋዴዎች ናቸው!»

ሱቁ ጋ ስትደርስ ቀስ ትላለች።

አንድ ቀን የሰፈሩ ሊቀመንበር ሕዝብ አስከትሎ ሊፈትሽ መጣ። ከሱቁ ጀርባ የብረት በር ያለው፣ መስኮት የሌለው ዕቃ ቤት አለ። ሊቀመንበሩ ሕዝቡን ደጅ አቁሞ ከባለሱቁ ጋር ብቻ ገባ። ቆዩ። ሲወጣ የጥቁር ኮቱን ቁልፍ እየቆለፈ ነበር፤ ኮቱ ሲገባ እንደነበረው ንጹሕ ነው።

«እስከ ጣሪያው ሞልቷል!» አለ ጮክ ብሎ። «ከበላይ ትእዛዝ ሲመጣ ይከፋፈላል። እስከዚያ በሩን የነካ፣ እኔን እንደነካ ይቁጠረው!»

ሕዝቡ አጉረመረመ። ባለሱቁ ጫማውን ያያል። ሊቀመንበሩ ትከሻውን መታ መታ አደረገና በጆሮው አንድ ነገር ነገረው።

«ሌባ ሲያዝ ትከሻው ይዳበሳል እንዴ?» አለች ልብስ ሰፊዋ። «አብረው ነው የሚበሉት በሉኛ!»

ሚስትየውም ያንኑ እያሰበች ነበር።

ከዚያ ወዲህ ባሏ ሌላ ሰው ሆነ። ሚስማር ላይ ይሰቀል የነበረውን የዕቃ ቤቱን ቁልፍ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሸሚዙ ውስጥ ይከተዋል። ጠዋት ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ዕቃ ቤት ይገባና ከውስጥ ይቀረቅራል። ጆንያ ሲጎተት ይሰማል። ሚስቱም ትሰማለች፣ ልብስ ሰፊዋም በግድግዳው በኩል ትሰማለች። ሲወጣ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል።

«እዚያ ምን ትሠራለህ?»

«አደላድላለሁ።»

«ምኑን?»

«ያለውን።»

«ታዲያ ላግዝህ።»

«አንቺ ወገብሽን አስቢ።»

ዕድሜውን ሙሉ ከአይጥ ጋር ሲዋጋ የኖረ ሰው፣ ወጥመዶቹን ሰብስቦ ለሰፈሩ ጫማ ሰፊ ሰጠ። ሰለቸኝ አለ። «ለአይጥ ያልነፈገውን ለሰው ይነፍጋል» ብላ አዘነች ሚስቱ።

የራሳቸው ቤት ዱቄት ሲያልቅ ባዶውን ቆርቆሮ ይዛ መጣች።

«እስቲ ከዕቃ ቤት ትንሽ ዝገንልን።»

ቆርቆሮውን ከእጇ ተቀብሎ ከደነው። «የዛሬን በድንች እንለፈው» አላት።

ከተጋቡ ወዲህ እንደዚያን ቀን አፍራበት አታውቅም። ለገዛ ሆዱ ያልራራ ለማን ይራራል? የሚስቅ፣ ሲመዝን የሚያንጎራጉር፣ በዱቄታም እጁ ጉንጯን ነክቶ «አረጀሽ» የሚላት ባሏ የት ሄደ?

ብዙም ሳይቆይ የሱቁ መስታወት በድንጋይ ረገፈ። ድምፅ ማጉያዋ አሁን ስም መጥራት ብቻ ነው የቀራት። ልብስ ሰፊዋ ሰላምታ አቆመች።

«ስጣቸው» አለችው ሚስቱ፣ ስብርባሪውን አብረው እየለቀሙ። «በነጻም ቢሆን ስጣቸው። ይገድሉሃል።»

«በሩ እስከተዘጋ ድረስ አይገድሉኝም። ሊቀመንበሩ ቃል ገብቶልኛል።»

«እሱ ለማን ቃሉን ጠብቆ ያውቃል?»

«የሚጠላው ሰው ያለው ሕዝብ ይታገሣል፣ አለኝ» አላትና ጣቱን የቆረጠውን መስታወት ከሌላው ስብርባሪ ጋር ጣለው።

አበደ፣ አለች በልቧ። ገንዘብ አሳበደው።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ሰው ተሰበሰበ። ዱላ የያዘም አለ። ባለሱቁ ከጓሮ ቧንቧ ፊቱን ሊታጠብ ሸሚዙን አውልቆ፣ ቁልፉን ሸሚዙ ላይ አስቀምጧል። ሚስትየው ቁልፉን አየች። ባሏን አየች። ጀርባው ከስቷል፤ የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። እንዲህ ሆኖ እንዲሞት አልፈቀደችም።

ቁልፉን አንስታ በሱቁ በኩል ወጣች።

«ስሙኝ!» አለች። «እኔ እከፍትላችኋለሁ። ያለውን ሁሉ ውሰዱ። እሱን ግን እንዳትነኩት።»

«እውነት እትዬ?» አለች ልብስ ሰፊዋ። ከስንት ጊዜ በኋላ እትዬ አለቻት።

«እውነት። ማሉልኝ።»

ማሉላት። ዱላ የያዘው ዱላውን ግድግዳ አስደግፎ ማለ። ሚስትየው ከብዙ ጊዜ ወዲህ ደረቷ ቀለል አላት። ዕቃ ቤቱ ጋ ስትደርስ ባሏ ፊቱ ሳሙና እንደሆነ እየሮጠ መጣ።

«በሞቴ!» አለ። «በሞቴ እንዳትከፍቺው!»

ሁለት ሰዎች ያዙት። እሷ ቁልፉን አዞረችና በሩን ገፋችው።

ልብስ ሰፊዋ ጆንያዋን ዘርግታ ቀድማ ገባች። ሌሎቹ ተከትለው ገቡና ቆሙ። ወለሉ ተጠርጓል። በባዶው ክፍል መሃል አንድ ጆንያ ብቻ አለ፤ አፉ ተከፍቶ አሸዋ ይታያል። የወለሉ ሲሚንቶ ጆንያው በተጎተተበት በኩል ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተፍቋል።

«ሊቀመንበሩ በዓይኑ ያየውን ዱቄት» አለች ልብስ ሰፊዋ ወደ ባለሱቁ ዞራ፣ «የት አሸሻችሁት?»