ሁለተኛው ቁስለኛ

ቶንዶሱ ገና የጭንቅላቱን ግማሽ እንዳዳረሰ ልጁ ብድግ አለ...

ጨርቁ አንገቱ ላይ እንደታሰረ፣ ግራው ተላጭቶ ቀኙ ጎፍሮ፣ ከፀጉር ቤቱ ወጥቶ መንገዱን ተያያዘው።

የተፈጠረ ነገር የለም። ጎረቤት ያለው ሱቅ የብረት በሩን "ጓ" አድርጎ ዘጋው፤ በቃ።

ወረፋ ከሚጠብቁት አንዱ ሳቁ ሊያመልጠው ሲል ዋጥ አደረገው። ሰፈሩ ያውቃላ... ልጁ ከጦር ሜዳ ከተመለሰ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አልሆነለትም።

በር ይቆልፋል፤ ተመልሶ መቆለፉን ያያል። ምሳ ሲቀርብለት ሁለቴ ጎርሶ ይነሳል። አውቶብስ መንዳት ጀምሮ ነበር፤ ከኋላው ሰው በተቀመጠ ቁጥር ማጅራቱን እየበላው ተወው።

ሚስቱ "እባክህ አንዴ ቁጭ በል፣ እኔንም አዞርከኝ" ትለዋለች። ይቀመጣል... ወንበሩ ሳይሞቅ ተነስቷል።

ያን ዕለት አባቱ ፀጉር ቤቱ በር ላይ፣ ሁልጊዜ የሚቀመጡባት አግዳሚ ላይ ነበሩ። ልጃቸው ሲወጣ አዩት፤ ከዘራቸውን አንስተው ተከተሉት።

አባቱና ፀጉር ቆራጩ የድሮ ወታደሮች ናቸው። በወጣትነታቸው አብረው ዘምተዋል።

ፀጉር ቆራጩ ስለ ጦርነቱ ማውራት ከጀመሩ አፋቸው አይዘጋም። አባቱ ግን ከንፈራቸው የተሰፋ ነው።

ልጁ ያደገው በፀጉር ቆራጩ ወሬ ነው። በተለይ አንዷን ታሪክ ስንቴ እንዳስደገማቸው...

"አንድ ወታደር ነበር" ይሉታል። "ጥይቱ እንደ በረዶ እየወረደ ወንዙን ወደኋላ ተሻገረ። አንድ ቁስለኛ በጀርባው ተሸክሞ አወጣ። ትንፋሹን እንኳ ሳይሰበስብ ተመልሶ ገባና ሁለተኛውንም አወጣው።"

ልጁ አፉን ከፍቶ ይሰማል። ከዚያ ወደ በሩ ዞሮ አባቱን ያኔ የት እንደነበሩ ይጠይቃቸዋል። አባቱ ረስቼዋለሁ ብለው ፊታቸውን ወደ መንገዱ ያዞራሉ።

ልጅ አይደል... አባቴ ያኔ የሆነ ቦታ ተደብቆ ነበር ብሎ ደመደመ። ጎረምሳ ሆኖ ሊዘምት ሲነሳ አባቱ እንዳይሄድ ለመኑት። እሱም "እንዳንተ ተደብቄ አልኖርም" ብሏቸው ሄደ።

ያቺ ቃል በመሃላቸው እንደ ግድግዳ ቆማ ቀረች። ከተመለሰም በኋላ ከእግዜር ሰላምታ ያለፈ ነገር አልተነጋገሩም።

አሁን ጋራዡን አልፎ፣ ገበያውን አቋርጦ፣ የት እንደሚሄድ ሳያውቅ ይሄዳል። ድልድዩ ጋ ሲደርስ አባቱ እያለከለኩ ደረሱበት። ባርኔጣቸውን አውልቀው በግማሽ የተላጨ ጭንቅላቱ ላይ አደረጉለት።

ጎን ለጎን መሄድ ጀመሩ። ልጁ ሲፈጥን አባቱ ይፈጥናሉ፤ ልጁ ሲዞር አባቱም ይዞራሉ።

ልጁ ድንገት መናገር ጀመረ... አባቱን ሳያይ፣ መሬት መሬት እያየ።

የቆሰሉ ሁለት ጓደኞቹን ሊያወጣ ወደኋላ ተመልሶ እንደገባ ነገራቸው። አንዱን አወጣ። ለሁለተኛው ሊመለስ ሲል ግን እግሩ አልታዘዘው አለ።

"ስሜን እየጠራ ነበር" አለ። "አሁንም ይጠራኛል። ያ ወታደር እኮ ሁለቱንም አወጣ አባዬ... እኔ አቃተኝ።"

አባቱ ቀጥ አሉ። መኪናው ጥሩንባ እየነፋባቸው፣ ሰው እየገፋቸው፣ መንገዱ መሃል ቆሙ።

"ሁለት አይደለም" አሉ። "ያወጣው አንድ ነው።"

"አንተ በምን አወቅህ?"

"እኔ ነበርኩ።"

ልጁ የሰማው ነገር ቶሎ አልገባውም።

"በጀርባዬ ያወጣሁት ፀጉር ቆራጩን ነው። ሁለተኛው ወንዙ ማዶ ቀረ። እሱም ስሜን ይጠራኝ ነበር።"

"ታዲያ ጋሼ ለምን ሁለት ይላሉ?"

አባቱ ከዘራቸውን ተደግፈው ነገሩት። ጓደኛቸው ሲያወራ ሁለተኛውን የሚያወጣው ለሳቸው ብሎ ነው። ሌት ተቀን በጸጸት ሲቃጠሉ አይቶ፣ ያልተቻላቸውን እሱ በወሬ ቻለላቸው። እሳቸውም አልከለከሉትም።

"በሩ ላይ የምቀመጠው ያቺን ለመስማት ነው" አሉ። "ሲያወራት... ያ ሁለተኛው ቁስለኛ ይወጣል። እዚያ ወሬ ውስጥ አልሞተም። አንተ ደግሞ በሷ ራስህን ስትለካ ኖረሃል፤ ይሄን አላሰብኩትም።"

ልጁ ያኔ አለቀሰ። ከተመለሰ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ስለዚያች ክፉ ቃል ይቅርታ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት አባቱ ክንዱን ያዙትና "ና፣ እንሂድ" አሉት።

ወደ ፀጉር ቤቱ አልተመለሱም። የቀረውን መንገድ የጓደኞቻቸውን ስም እየተነጋገሩ ሄዱ... ያንዱ ጓደኛ ቀልድ ይወድ ነበር፣ የሌላው ሲተኛ ያንኮራፋ ነበር። ዞረው ዞረው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቤት ገቡ።

ልጁ ዳነ ብዬ አልዋሻችሁም። ዛሬም በር ሲንጓጓ ይነሳል፣ ይወጣል፣ ይዞራል። ልዩነቱ፣ አሁን ሲወጣ አባቱን ይጠራል።

ወዳጆቼ... ከጦርነት የተመለሰ ሰው ዝም ሲል ልጆቹን ከክፉ የጠበቀ ይመስለዋል። ጀግንነቱን ብቻ የሚያወራውም ያጽናና ይመስለዋል። በሁለቱ መሃል ግን ልጅ፣ በምድር ላይ ባልነበረ ሰው ራሱን እየለካ "እኔ አንሻለሁ" ይላል። እውነቱን ከነቁስሉ ንገሯቸው። ቢያማቸውም ብቻቸውን አያማቸውም።

እስቲ እናንተ ፍረዱ... ፀጉር ቆራጩ ሁለተኛውን ሰው በወሬ ማዳናቸው ውለታ ነው ወይስ በደል? እናንተስ ለጓደኛችሁ ብላችሁ ታደርጉት ነበር? ሐሳባችሁን ከታች ጻፉልኝ፣ አነባለሁ።