አባትየው

ጥፊው ዱኒያን ከነወንበሯ ገለበጣት። አባቷ በግራ እጁ ስልኳን ይዟል፤ በቀኙ ከላፕቶፗ የነቀለውን የቻርጀር ገመድ።

"ማነው ይሄ?" አለ። ስክሪኑ ላይ የቴሌግራም ግሩፓቸው ተከፍቷል፤ የከተማው ፕሮግራመሮች ኮድ ሲያስቸግራቸው የሚረዳዱበት። ሁዘይፋ የሚባለው እንዲህ ጽፎላታል፦ "ልጆቹን ብትገድዪ ዋጋ የለውም። አባትየውን ግደይው።"

"አባ፣ ፕሮግራሙ ስታክ አድርጎብኝ አልዘጋ ብሎኝ ነው። ሌሎቹን የሚከፍተውን ዋናውን አባት ነው የምንለው፤ መግደል ማለት መዝጋት ነው።"

"ወላሂ በይ።"

"ወላሂ።"

ገመዱ ጀርባዋ ላይ አረፈ። እንደገና። ውጭ የመጋላ ሰፈር ባጃጆች ጡሩምባ ጩኸቷን ዋጠው። የተቀደደ ከንፈሯን በምላሷ ስትነካ ጨው ጨው አላት። እናቷ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ እንደ ሁልጊዜው መሬት መሬቱን ታያለች።

ለሌላ ግርፊያ እጁን ሲያነሳ ስልኩ ድምፅ አሰማ። አየውና ፊቱ አመድ መሰለ። ስልኩን ጭኗ ላይ ወረወረላት።

"መልሽለት።"

ሁዘይፋ "ገደልሽው?" ብሎ ነበር።

ዱኒያ ስክሪኑ ላይ የተንጠባጠበውን ደም በእጅጌዋ ጠረገች። ቀና ብላ አባቷን አየችው፤ ቀስ ብላ፣ ከራሱ እስከ እግሩ። ከዚያ አጎንብሳ ጻፈች፦

"ገና።"