ክርኑ የተጣፈው ሹራብ

የኮሌጅ ወጪ ድጋፍ የሚሰጠው ኮሚቴ ጓደኛዋን አስቀድሞ ስለጠራ፣ ልጅቷ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ክንዶቿን አቅፋ ተራዋን ትጠብቅ ነበር። ሹራቧን ጠዋት ጓደኛዋ «በናትሽ፣ በረደኝ» ብላ ወስዳዋለች። በአባቷ መኪና የመጣች ልጅ እንዴት እንደበረዳት ቢገርማትም፣ ደስ ብሏት ነበር ያወለቀችላት።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። «እማዬ ሰው ቤት ልብስ ታጥባለች» ይላል የጓደኛዋ ድምፅ። «ይሄን ክርኑን የጣፈችልኝም እሷ ናት። ቡናማው ክር ቢያልቅባት በሰማያዊ ጨረሰችው።» አንዲት ሴት «አይዞሽ የኔ ልጅ» አለቻት። ልጅቷ የገዛ ክርኗን ጨበጠች። የእናቷ ዓይን የመርፌ ቀዳዳ ስለማይለይላት፣ ሰማያዊውን ክር ያስገባችላት ራሷ ነበረች። ይህንንም እየሳቀች ያወራችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

ጓደኛዋ ዓይኗን እየጠረገች ወጣች። ሹራቡን አውልቃ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችላትና ጉንጯን ሳመቻት።

«ልበሺው እንጂ እሙዬ፣ ውስጥ ይበርዳል።»

ልጅቷ ሹራቡን አጣጥፋ አግዳሚው ላይ አስቀመጠችና በስስ ሸሚዟ ገባች። ያቺ ሴት መሀረቧን ገና ከእጇ አላስቀመጠችም ነበር።

«በይ እስቲ» አለቻት፣ «አንቺ ደግሞ ስለ እናትሽ ንገሪን።»