ጠገበ

ሰላሃዲን ኳስ ይወረውራል። ልጁ ኡበይዳ ዱላውን ያዞርና መሃሏን ይመታታል፤ ኳሷ ከመጋዘኑ ግድግዳ ጋር ተላትማ በተሰነጣጠቀው ኮንክሪት ላይ እየነጠረች ትመለሳለች። ሃያ ሆነ። እስካሁን አንዷንም አልሳተም።

ታዲያ ምን ሆነ ነው የሚሉት፣ ይላል ሰላሃዲን በልቡ።

ሰኞ ረፋድ ነው፤ ጨዋታ የለም። ያሉት ፋርመርስ ብራንች በምትባል ከተማ ነው፣ ሰላሃዲን ድሮ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ይነዳበት ከነበረው መጋዘን ጀርባ። ኡበይዳ ኳስ መምታት የጀመረው እዚሁ ነበር፤ በስምንት ዓመቱ፣ እሁድ እሁድ፣ ቤዝቦል ምን እንደሆነ ከማያውቅ አባት ጋር። አሁን ሃያ ሰባት ሞልቶታል፤ ቤዝቦል እንጀራው ነው። አምና በሊጉ ውስጥ እንደሱ የሚመታ ጥቂት ነበር። ጃንዋሪ ላይ ከቡድኑ ጋር በብዙ ገንዘብ የሰባት ዓመት ኮንትራት ፈረመ። ዜናው ሲነገር እናቱ መስዑዳ ዓይን እንዳይገባበት ብላ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። የዓመቱ ጨዋታ ሲጀመር ግን መምታት አቃተው። ይወጣል፣ አየር መትቶ ይመለሳል፣ ሰዉ ይጮህበታል።

አውሮፕላን ማረፊያው ጋ፣ ሰላሃዲንና ሌሎች የታክሲ ሾፌሮች ተራ በሚጠብቁበት ፓርኪንግ፣ ምክንያቱን የማያውቅ የለም። አሥራ አምስት ዓመት አጠገቡ ፓርክ የሚያደርገው ጓደኛው ጥዑመልሳን ትናንት ፊት ለፊት ነገረው። «ሰላሃዲን፣ አትቀየመኝ። ከፈረመ ወዲህ ልቡ እዛ የለም። ልጅህ ጠገበ።»

ሰላሃዲን አልተቀየመም። እሱም የሚያስበው ይህንኑ ነበር። ዛሬ ማለዳ ኡበይዳ ደውሎ «አባ፣ እንደ ድሮ ትወረውርልኛለህ?» ሲለው፣ መንገዱን ሁሉ የሚቆጣውን ቁጣ እያሰናዳ ነው የመጣው።

«ይበቃል፣ አባ» ይላል ኡበይዳ። «እነዚህ የቴኒስ ኳስ ናቸው። ማለቴ፣ ሶፍት ናቸው። ሪሉን፣ ዋናውን ኳስ ወርውር።»

ሰላሃዲን ከቦርሳው ቆዳ የለበሰች፣ እንደ ድንጋይ የጠነከረች ነጭ ኳስ ያወጣል። ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ትከሻውን ያመዋል፤ ኳሷ ዘገም ብላ ነው የምትሄደው። ልጁ ይስታታል።

በሁለተኛዋ ላይ ሰላሃዲን ኳሷን ትቶ ልጁን ያያል። ገና ከእጁ ስትወጣ የኡበይዳ ግራ እግር ይነሳል። ወደ ኳሷ አይሄድም። ወደ ጎን ነው የሚሄደው፣ ከመንገዷ ይሸሻል፤ ዱላው ዘግይቶ አየር ይቀዝፋል። በሦስተኛዋም እንደዛው። በአራተኛዋም።

አምስተኛዋን ይዞ ይቆማል። «እግርህ ለምንድን ነው የሚሸሸው?»

«ታይሚንግ ነው። ኮቹ ሰዓቱን ትስታለህ ነው ያለኝ።»

«እኔ ታይሚንግ አላውቅም። የፈራ ሰው ግን አውቃለሁ።»

ኡበይዳ ዱላውን በጫማው ጫፍ ላይ ያሳርፋል። ከዚያ ሄልሜቱን አውልቆ ከጆሮው በላይ ያለውን ፀጉር በጣቱ ይገልጣል። ቆዳው ላይ የጥፍር ርዝመት ያለው ጠባሳ አለ።

«ጃንዋሪ ላይ ነው። ብቻዬን ነበርኩ፤ ኳስ በሚወረውር ማሽን ነበር የምለማመደው። ሄልሜት አላደረግኩም ነበር። ማሽኑ አንዱን ኳስ እዚህ ለቀቀብኝ። መሬት ላይ ነበርኩ፣ ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። ከዛ ተነሳሁ፣ ወደ ቤት ድራይቭ አደረግኩ።»

«ለማን ነገርክ?»

«ለማንም።»

«ለሐኪም እንኳን?»

«አባ፣ ፈርሜ ሳምንቴ ነበር። ሁሉም ሰው ደስ ብሎታል። እማ ታለቅስ ነበር። ሶ፣ ታዲያ እንዴት ልናገር?»

ሰላሃዲን ልጁ በደወለ ቁጥር «ደህና ነኝ» ያለበትን ስድስት ወር ያስባል። እሱ ያንን ድምፅ ሰምቶ ኩራት መስሎት ነበር።

«እኔም ጠገበ ብዬ ነበር» ይላል። «ልቆጣህ ነው የመጣሁት።»

ኡበይዳ ፈገግ ለማለት ይሞክራል፤ አይሆንለትም። «ብጠግብ ይሻለኝ ነበር።»

«ዛሬውኑ ለቡድኑ ሐኪም ትናገራለህ።»

«እናገራለሁ። ወላሂ፣ ከዚህ ስሄድ እናገራለሁ።» ሄልሜቱን ያጠልቃል፣ ማሰሪያውን ያጠብቃል። «ግን አንድ ወርውርልኝ። ወደ እኔ አስጠግተህ።»

ሰላሃዲን ይወረውራል። ኳሷ ከልጁ ርቃ ታልፋለች። ሌላ ይወረውራል፤ ያችም ትርቃለች።

«አባ፣ ራቀ።»

ሰላሃዲን እጁን ያያል። አስጠጋ ብሎ አዞታል፤ ጣቶቹ ግን በመጨረሻዋ ቅጽበት ኳሷን ወደ ውጭ ይገፏታል። ልጁ ለወራት ምን ሲሆን እንደነበረ አሁን በገዛ እጁ ይገባዋል።

«አልችልም» ይላል። «ልመታህ ነው።»

«ብትመታኝም።»

ሰላሃዲን «ቢስሚላህ» ይልና ይለቃታል። ኳሷ በቀጥታ ወደ ልጁ ጎን ትሄዳለች። የኡበይዳ ግራ ተረከዝ ከኮንክሪቱ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ተመልሶ ያርፋል። ኳሷ ዳሌው ላይ ጧ ብላ ትወድቃለች።

ኡበይዳ ከቦታው አልተነቃነቀም። ፊቱ በሕመም ተጨማዷል፤ ዓይኖቹ ግን ክፍት ናቸው።

«ድገመው» ይላል።

ሰላሃዲን ጎንበስ ብሎ ከቦርሳው ሌላ ኳስ ይፈልጋል። ኳሷ ሁለት ጊዜ አምልጣው ትወድቃለች፤ በሦስተኛው ይይዛታል።