የቁንጫ ጥላ

«እዚሁ ይሳሉልኝ» አለች ዋና አዘጋጇ፣ ነጩን ወረቀት ወደ ካርቱን ሠዓሊው እየገፋች። «አንዲት ቁንጫ ብቻ። ለእርስዎ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።»

ከጎኑ የተቀመጠችው ሴት ልጁ ወደ ቀኝ እጁ ተመለከተች። ዛሬ ጠዋት አባቷ ከሸሚዙ ቁልፎች ጋር ሩብ ሰዓት ታግሎ፣ በመጨረሻ የቆለፈችለት እሷ ናት።

ቁንጫ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በጋዜጣው የመጨረሻ ገጽ ላይ የኖረች የስድስት ዓመት የካርቱን ልጅ ናት። ፀጉሯ የቆመ፣ አንድ ካልሲዋ ሁልጊዜ የወረደ ድንክዬ። ሰዉ ጋዜጣውን ከኋላ መግለጥ የለመደው በእሷ የተነሳ ነው። ፀጉር አስተካካዮች ቆርጠው መስታወት ላይ ይለጥፏታል፤ ልጆቻቸውን የዳሩ ሰዎች ሳይቀሩ ቀልዷን በስልክ ይተራረካሉ። ሴት ልጁ ራሷ የተወለደችው አባቷ ቁንጫን ከፈጠረ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ከስምንት ወር ወዲህ ግን የአባቷ ቀኝ እጅ አልታዘዝ አለ። ቀልዱን እሱ በአፉ ይነግራታል፣ እሷ ትስላለች፣ ከታች የእሱን ፊርማ ታኖራለች። ይህን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

አሁን የጋዜጣው አራሚ አወቀ። የሰው ስህተት በቀይ እስክሪብቶ እየለቀመ የሚኖር ጎልማሳ ነው። በብብቱ ያቀፈውን ወፍራም ደብተር ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ከአሥራ ሦስት ዓመቱ ጀምሮ ቁንጫን እየቆረጠ የለጠፈበት ነው።

«ጥላውን እዩት» አለ። «ጋሼ ጥላ ሲሠሩ ጭረቱ ወደ ቀኝ ነው የሚያዘነብለው። ይኸው፣ ይኸው፣ ይኸው። እዚህ ጋ ስንደርስ ወደ ግራ ዞረ። እንዲህ የሚጭር ግራኝ ነው።»

ልጅቷ ግራ እጇን ከጠረጴዛው አንስታ ጭኗ ሥር ሸጎጠችው። ካልሲውን፣ ፀጉሩን፣ የአፍንጫዋን ነጥብ ሳይቀር አንዲት ቅንጣት ሳታዛንፍ ገልብጣ ነበር። ጥላውንማ ማን ልብ ይለዋል።

«እኔም በቁንጫ ነው ፊደል የቆጠርኩት፣ ጋሼ» አለች ዋና አዘጋጇ። «ግን አንባቢ አላታልልም። ከሳሉልኝ ነገሩ እዚሁ ያበቃል። ካልሆነ ከነገ ጀምሮ አምዱ ይዘጋል፤ ለምን እንደተዘጋም እንጽፋለን።»

ልጅቷ አባቷ የታመመበት ሰሞን ትዝ አላት። አባቷ አንድ ሳምንት ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እህል ውሃ እንቢ ብሎ ነበር። በስምንተኛው ቀን ከአልጋው ያስነሳችው ቁንጫ ናት፤ «ጻፊ፣ አንድ ነገር መጥቶልኛል» ብሎ።

«አባዬ ዛሬ ደክሞታል» አለች። «ሌላ ቀን ብናደርገው…»

«አንቺ ዝም በይ» አለ አባቷ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ።

ብዕሩን አነሳ። ገና ጫፉ ወረቀቱን ሲነካ ቀለም ተረጨ። ክብ ጭንቅላት ጀመረ። መስመሩ ተንቀጠቀጠ፣ ወደ ውጭ አፈተለከ፣ ተመለሰ፣ መጋጠም ሲገባው ጎን ለጎን ተላለፈ። ኮሪደሩ ላይ ስልክ ይጮሃል፤ የሚያነሳው የለም። ልጅቷ ክንዱን ይዛ ልትመራው ቃጣትና ራሷን ገታች። ማየቱን አልቻለችም፤ ዓይኗን ጨፈነች።

ብዕሩ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ሰማች።

«ስምንት ወር ሆነ» አለ አባቷ። «እሷ ናት የምትስለው። ዋሽተሃል ብትሉኝ አልከራከርም።» ከዚያ ወደ አራሚው ዞረ። «አንተ ልጅ፣ እስቲ አንድ ነገር ንገረኝ። በዚህ ስምንት ወር ስቀሃል ወይስ አልሳቅህም?»

አራሚው መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለ።

«ስቄያለሁ» አለ። «ያናደደኝም እሱ ነው።»

«እንግዲያው ዛሬ ጥርግ አድርገህ ተናደዳ።» አባቷ ብዕሩን ወደ ልጁ አንከባለለው። «በይ ሳዪ። የምነግርሽ ነገር የለኝም፤ ከራስሽ አውጪ።»

ይህን አድርጋ አታውቅም። እጁ የእሷ ይሁን እንጂ ቀልዱ ሁሌም የእሱ ነበር። ዋና አዘጋጇ እጆቿን አጣምራ ትጠብቃለች፤ አራሚው በቁሙ ደርቋል። ልጅቷ ግራ እጇን ከተሸጎጠበት አወጣች። ጭንቅላቷ ባዶ ሆነ። የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ከሦስቱም ዓይን ተሰውራ ጠረጴዛው ሥር መግባት።

ያንኑ ሳለችው።

ጠረጴዛ። ዙሪያውን ስድስት ትልልቅ ጫማዎች፤ ባለቤቶቻቸው ከጉልበት በላይ አይታዩም። ከሥር ቁንጫ ተንበርክካለች። ምላሷን በአፏ ዳር አውጥታ፣ የአንዱን ሰው የጫማ ክር ከሌላው ሰው የጫማ ክር ጋር ትቋጥራለች። ጥላውን እጇ እንደመራት ወደ ግራ ጫረችው።

የቀልዱ የመጀመሪያ ሳጥን አለቀ። ቀጥሎ ያሰመረችው ገና ባዶ ነው፤ ምን እንደምትጨምርበት አታውቅም። ቀና ብላ ፊታቸውን ለማየት ድፍረት አጣች።

አራሚው መቼ እንደተቀመጠ አላየችም። ክርኖቹን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ፣ አገጩን በሁለት መዳፉ ይዞ፣ ወረቀቱ ላይ ሊደፋ ደርሷል።

«ከዚያስ?» አለ፣ ጣቱን ባዶው ሳጥን ላይ አሳርፎ። «ማንኛው ነው ቀድሞ የሚነሳው?»

ዋና አዘጋጇ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳትነቅል፣ እግሮቿን ቀስ ብላ ወደ ወንበሯ ሥር ሰበሰበች።