ሦስተኛው ፕሮፔለር

ሁለተኛውን ፕሮፔለር ከሞተሩ ዘንግ ላይ ነቅዬ ሳወጣው ገና ውሃ ያንጠባጥባል። ጀልባዋ የታሰረችበት የእንጨት መቆሚያ ላይ፣ ከመጀመሪያው አጠገብ አስቀምጠዋለሁ። የቀረው አንድ ነው። ሻጩ ሦስቱን በአደራ ሰጥቶናል፤ ሞክራችሁ የሚስማማትን አስቀሩ፣ ሌሎቹን ሳትቧጭሩ መልሱ ብሎ።

የወንድሜ ሚስት ጀልባዋ ውስጥ፣ ሞተሩ አጠገብ ተቀምጣ እጄን ታያለች። ክረምት ላይ ወንድሜ መረብ ሊያነሳ ወደ ሐይቁ ወጣ፤ የተገኘችው ጀልባዋ ብቻ ናት። እኔ ለቅሶ ልደርስ ነበር ከሄድኩበት የተመለስኩት። ለቅሶ ግን የለም። ጥቁር አልለበሰችም፤ ሊያለቅስ የመጣውን ሁሉ ከደጅ መልሳለች። መረቡን ራሷ ትጥላለች፣ ራሷ ታነሳለች። ያላት ይህ ሞተር ብቻ ነው፤ እሱም ሰሞኑን እያቃሰተ መጨስ ጀምሯል። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም፣ ና እየው ብላ ጠራችኝ።

ነገሩ ቀላል መሆን ነበረበት። የፕሮፔለሩ ክንፍ ጥምዙ ሲበዛ በአንድ ዙር ጀልባን ሩቅ ይገፋል፤ ሞተሩን ግን ያደክማል። ለባዶ ጀልባ ጥምዙ የበዛው፣ ለተጫነች ያነሰው። ነዳጅ እስከ መጨረሻው ተሰጥቶ የሞተሩ ዙር ቆጣሪ መርፌ አረንጓዴው ክፍል ላይ ካረፈ፣ ልኩ ተገኘ። እዚያ ካልደረሰ ሞተሩ ታፍኖ ይቃጠላል፤ ካለፈ ደግሞ ይበታተናል።

በመጀመሪያው ጀልባዋ አሸዋ የጫነች ይመስል ተንፏቀቀች። በሁለተኛውም መርፌው አረንጓዴው ሥር ቀረ። ውስጧን ፈትሻለሁ፤ ጠብታ ውሃ አልገባባትም። ከሆዷ የተጣበቀውን ሁሉ ፍቀን አንስተናል። መረቡም ትርፍ ጀሪካኑም የብስ ላይ ነው። ያለነው ሁለት ሰዎች ነን፤ ሁለታችንም ከሲታ።

“ብቻሽን ስትሆኚስ?” እላታለሁ።

ብቻዋን ስትሆንም ያው ነው። ጀልባዋ ከኋላ ትከብዳለች ትላለች፣ ከክረምቱ ወዲህ። መጀመሪያ ሞተሩ ያረጀ መስሏት ነበር።

“ታዲያ ምንድን ነው ትያለሽ?”

“የተማርከው አንተ። ያን ሁሉ ዓመት ያስተማሩህ መክሳት ብቻ ነው እንዴ፣ ዋርሳዬ?”

እስቃለሁ። እሷ አትስቅም። እጇን ዘርግታ ሦስተኛውን ፕሮፔለር አንስታ ታገላብጠዋለች።

“ይሄ የስንት ሰው ነው?”

“የሦስት። ለእኛ አይሆንም። ሁለት ሰው ብቻ ይዞ ከሮጠ ልጓሙን እንደበጠሰ ፈረስ ነው፤ ሞተሩን ይጨርሰዋል።”

“ግጠመው።”

እንደገና አስረዳታለሁ። ቁጥር የሚቆጥር ሕፃን እንደሚደመጥ እስከ መጨረሻው ታዳምጠኝና መፍቻውን ታቀብለኛለች።

ዳዶውን አጥብቄ እንወጣለን። እኔ የጀልባዋ አፍንጫ ላይ ነኝ፤ ፊቴን ወደ እሷ አዙሬ ቆጣሪውን ጉልበቴ ላይ ይዣለሁ። ቀስ በቀስ ነዳጅ ትሰጣለች። በቃ ለማለት አንድ እጄ አየር ላይ ነው። መርፌው ይወጣል፣ ይወጣል፣ አረንጓዴው መሃል ገብቶ ቁጭ ይላል። እጀታው እስከ መጨረሻው ዞሯል። ማቃሰቱ የለም፤ ጭሱ የለም።

ልክ ነው። ሊሆን የማይገባው ልክ ነው። መርፌውን በጥፍሬ መታ መታ አደርገዋለሁ፤ ንቅንቅ አይልም።

ቀና ስል ፈገግ ብላለች፤ ከመጣሁ እንዲህ ሆና አላየኋትም። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ሞተሩ ስለሚጮህ ምን እንደምትል አልሰማም። የምታወራው ግን ከእኔ ጋር አይደለም።

ሸምበቆው ጋ ስንደርስ ሞተሩ ድንገት ያፏጫል። መርፌው ቀዩን ጥሶ ያልፋል፣ የጀልባዋ አፍንጫ ከሥሬ ዘጭ ይላል። ቀንሺ ልላት አፌን ስከፍት፣ እሷ አጥፍታዋለች።

ፀጥታ። ከኋላችን አረፋው እየሳሳ ነው። በስተግራ፣ ምንም ነገር ባልወደቀበት ቦታ፣ አንድ ክብ ሞገድ እየሰፋ እየሰፋ ሸምበቆው ውስጥ ይገባል።

ዓሣ ነው እላለሁ ለራሴ። ፕሮፔለሩ አየር ስቦ ይሆናል። ሳር ተጠምጥሞበት በጥሶት ይሆናል። ምክንያት አላጣሁም፤ ሁሉም ግን አሁን ለምን እንደቀለለች እንጂ እስካሁን ለምን እንደከበደች አይነግረኝም።

“እንመለስ” እላታለሁ። “በቀስታ እየነዳን እንመለስ። የመጀመሪያውን እገጥምልሻለሁ። አሁን ባዶ ናት፤ ለባዶ ልኩ እሱ ነው። ሞተሩም ይተርፋል፤ አንቺም።”

ጉልበቴ ላይ ያለውን ቆጣሪ ታያለች፣ ከዚያ እኔን። አዝናልኛለች መሰለኝ።

“ትንሽ እንጠብቅ” ትላለች።

ንፋስ የለም። ውሃው እንደ መስተዋት ተዘርግቷል፤ የሸምበቆው ጥላ ሳይሰበር ተኝቶበታል። ወፍ እንኳ ድምፅ አያሰማም። እጄን ጀልባዋ ጠርዝ ላይ አድርጌያለሁ።

የጀልባዋ አፍንጫ እኔን እንደያዘ ቀስ ብሎ ከውሃው ይነሳል። ኋላዋ ዝቅ ይላል፣ ደግሞ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ይረጋል። የወንድሜ ሚስት ዞራ አታይም። የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ አግዳሚው ላይ ጠጋ ትላለች።